የጾታ ልማት መለኪያ የሚለካውና የማይለካው

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጣው የጾታ ልማት መለኪያ ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር የሴቶች ኑሮ የተሻለ እንደሆነ ተደርጎ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። መለኪያው የሴቶች የሰብአዊ ልማት ውጤት፣ ማለትም የዕድሜ፣ የትምህርትና የገቢ ጥምር ልኬት፣ ለወንዶቹ ውጤት ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ ሁለቱም እኩል በተቸገሩበት አገርም 1 ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመጀመሪያው ስሌት የአገሪቱን አጠቃላይ የልማት ደረጃ ጭምር አዝሎ ስለነበር፣ ሰፊ ክፍተት ያለበት ሀብታም አገር ክፍተቱ ከጠበበ ድሃ አገር በልጦ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሁኑ ስሌት ተተካ።

የዕድሜው ስሌት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሴቶች በተፈጥሮ 5 ዓመት ያህል አብልጠው ይኖራሉ ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የመለኪያው ወለልና ጣሪያ ለሴቶች 22.5 እና 87.5፣ ለወንዶች ደግሞ 17.5 እና 82.5 ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለቱም በአማካይ 65 ዓመት በሚኖሩበት አገር ሴቶች 0.654፣ ወንዶች 0.731 ያገኛሉ፤ እኩል የሚመስለው ዕድሜ የሴቶችን ጉዳት ይገልጣል፤ ይህም ተገቢ ነው።

ደካማው ጎን ገቢው ነው፤ የሚገመተው ከደመወዝ ንጽጽርና ከሠራተኛው ኃይል ድርሻ በመሆኑ፣ ውኃ ስትቀዳና ልጅ ስታሳድግ የምትውል ሴት ድካም ከስሌቱ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የእናቶችን ሞትና የፓርላማ መቀመጫን የሚያካትተው የጾታ ኢፍትሐዊነት መለኪያ ከዚህ መለኪያ የተለየ ሲሆን፣ በእርሱ እኩልነትን የሚያመለክተው 0 ነው።