የይዞታ ልክና የኮምፒዩተር ትእዛዝ
የፕላን ጎኖች እንዴት ይለካሉ? ነጋዴውስ ምን ይጠይቅ?

ከመሬት ጋር ለተያያዘ ሥራ ኹሉ መነሻው ልክ ነው። በደጎሎ ከተማ ሱቅ ለመሥራት የሚያስብ ነጋዴም ሆነ በመካነ ሰላም የእህል መጋዘን ለማቆም የሚዘጋጅ ማኅበር ከግንበኛና ከቆርቆሮ ሻጭ ጋር ከመዋዋሉ አስቀድሞ የይዞታውን ልክ አጥርቶ ማወቅ ይኖርበታል። የሊዝ ዋጋ የሚታሰበው በካሬ ሜትር፣ የአጥር ሒሳብ ደግሞ በሜትር ስለሆነ፣ በልኩ ላይ የሚደርስ ስሕተት ዞሮ ዞሮ የገንዘብ ስሕተት ይሆናል። ከጎረቤት ጋር የሚነሣው የወሰን ክርክርም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ የማያልፍ ነው።

ቀድሞ በኢትዮጵያ መሬት የሚለካው ቀላድ በሚባለው ገመድ ነበር። ገበሬውም በበኩሉ ማሳውን በጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው መጠን ይገምት ነበር። ገመድ ሲሳብ ይረዝማል፤ ሲላላ ያጥራል። ዛሬ ግን ቀያሹ የይዞታውን ማዕዘኖች በመሣሪያ ለክቶ የእያንዳንዱን ነጥብ አቀማመጥ በቁጥር ይመዘግባል፤ ንድፍ ሠሪውም ነጥቦቹን በኮምፒዩተር ላይ አያይዞ ፕላኑን ያወጣል። ለዚህ ሥራ በሰፊው ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ አውቶካድ ሲሆን፣ አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው።

በዚህ ፕሮግራም የይዞታው ወሰን የሚሣለው ፖሊላይን በሚባል መሥመር ነው። ይኸውም ብዙ ክፋዮች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተያይዘው እንደ አንድ መሥመር የሚቆጠሩበት ነው። ፕሮግራሙ የመሥመሩን አጠቃላይ ርዝመትና የይዞታውን ስፋት ወዲያው ይናገራል፤ የየጎኑን ልክ በሠንጠረዥ አሰናድቶ ማቅረብ ግን የንድፍ ሠሪው ድርሻ ነው። ባለ 5 ጎን የሆኑ 80 ይዞታዎች ቢኖሩ 400 ጎኖችን አንድ በአንድ መለካት ይጠይቃል። እጅ ይደክማል፤ ዐይንም ይስታል።

ስለዚህ ብልኆቹ ንድፍ ሠሪዎች ስክሪፕት የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። አውቶሊስፕ የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ በአውቶካድ ውስጥ ከገባ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ሥራ ለማንኛውም ትጉህ ባለሙያ ክፍት ሆኗል። ትእዛዙ ከአንዱ ማዕዘን ወደሚቀጥለው እየተሻገረ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን የምሥራቅና የሰሜን ልዩነት በየራሱ አባዝቶ ይደምራል፤ የድምሩንም ካሬ ሥር አውጥቶ የጎኑን ርዝመት ይጽፋል። የቀናት ሥራ በደቂቃዎች ይጠናቀቃል።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም። ለምሳሌ ያህል በሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ ያለ፣ 25 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ የሱቅ ቦታ ይወሰድ። ለመንገዱ ሲባል አንዱ ማዕዘን በ5 ሜትር ሬዲየስ ክብ ተደርጓል። የጎኖቹ ልክ 25፣ 20፣ 20፣ በቅስቱ 7.85፣ በመጨረሻም 15 ሜትር ይሆናል፤ ድምሩ 87.85 ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚመጣው ከመዝጊያው ጎን ነው። ፖሊላይኑ በመዝጊያ ትእዛዝ ሲዘጋ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው “ዝግ ነው” የሚል ምልክት ብቻ ነው፤ መነሻው ነጥብ ተደግሞ አይጻፍም። ይህን ምልክት የማይመለከት ስክሪፕት በመጨረሻው ነጥብ ላይ ይቆማል፤ የ15 ሜትሩን ጎን ይዘልለዋል፤ ዙሪያውንም 72.85 ሜትር ነው ይላል። በዚህ ቁጥር ቆርቆሮ የገዛ ሰው አጥሩ ሳይገጥም ይቀርበታል።

ሁለተኛው ስሕተት በቅስቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ክፋይ የጉብጠቱን መጠን የሚገልጽ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ መሥመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ለሩብ ክብ ግን ወደ 0.414 ይጠጋል። ስክሪፕቱ ይህን ቁጥር ካላነበበ ቅስቱን እንደ ቀጥተኛ መሥመር ቆጥሮ በ7.85 ፈንታ 7.07 ሜትር ይጽፋል። ስፋቱንም በዚሁ መንገድ ያሰላ እንደሆነ 494.63 የነበረው 487.50 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለይዞታው ከ7 ካሬ ሜትር በላይ በወረቀት ላይ ያጣል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ስሕተት ያልሆነ፣ ነገር ግን ጠብ የሚያስነሣ ልዩነት አለ። ፕላን የሚያሳየው አግድም ርቀትን ነው። በ100 ሜትር አግድም ርቀት 20 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ መሬቱን ተከትሎ የተዘረጋ ሜትር 25 ቢያሳይ፣ በፕላኑ ላይ የሚገኘው 24.51 ሜትር ነው። ተራራማ በሆነው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህን አለማወቅ ጎረቤትን በከንቱ እስከ መክሰስ ሊያደርስ ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ንድፍ ሠሪው በሠንጠረዡ ያሉትን ጎኖች ደምሮ ፕሮግራሙ ራሱ ከሚናገረው አጠቃላይ ርዝመት ጋር ያስተያይ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ስክሪፕቱ ይታረም። ነጋዴውም ፕላኑን ሲረከብ ስፋቱን ብቻ አይቶ አይፈርም፤ የየጎኑን ሠንጠረዥ ይጠይቅ፤ ከጎኖቹም አንዱን ወይም ሁለቱን በሜዳው ላይ ሜትሩን አግድም ይዞ ራሱ ይለካ። ይህ የግማሽ ቀን ድካም ነው። የተሳሳተ ልክ ግን መሠረት ከተጣለበት በኋላ የሚታረመው በድንጋይ፣ በሲሚንቶና በፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ነው።