አስምና የሮቢት ዐውድማ

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ ባለችው በሮቢት ዙሪያ፣ ማሽላው በዐውድማ ተወቅቶ ነፋስ እየተጠበቀ በላይዳ ሲበተን፣ የእብቁ ትቢያ ገላን እንደሚያሳክክ የማያውቅ የራያ ገበሬ የለም፤ ያው ትቢያ ወደ ሳንባ ዘልቆ የሚሠራው ሥራ ግን፣ ሐኪሙም ሳይጠይቅ፣ ሕመምተኛውም ሳይናገር ብዙ ጊዜ ታልፎ ይቀራል።

አስም ሲባል ለብዙ ሰው አንድ ደዌ ይመስለዋል። ዓይነቶቹን የሚያስተባብራቸው የአየር ቧንቧዎች ዘወትር መቆጣት፣ የጡንቻቸው መኰማተርና የአክታው መብዛት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል፤ አንዱ በሕፃንነት ጀምሮ በዘር ከሚወረስ አለርጂ ጋር የሚሄድ፣ ሌላው ያለ አለርጂ ጎልማሳውን የሚይዝ ነው። ከውፍረት ጋር የተቆራኘው ደግሞ፣ ከሞፈርና ከቀንበር ሰው ይልቅ ተቀምጦ ለሚውለው ከተሜ ይቀርባል፤ በደረትና በሆድ የተከማቸው ስብ ሳንባን ከመጫኑም በላይ፣ ቁጣን የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይረጫል። ይህ ዓይነት በተለይ በጉልምስና የታመሙ ሴቶችን የሚያጠቃና ለሌላው ፍቱን ለሆነው የስቴሮይድ ፓፍ እምብዛም የማይታዘዝ በመሆኑ፣ ክብደት መቀነስ ራሱ እንደ መድኃኒት ሊታዘዝ ይገባዋል።

ሌላው ዓይነት፣ ከሥራ የሚመጣው አስም፣ ታሪኩ ረዥም ነው። ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከብናኙ የተነሣ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፎአል፤ ዛሬም ከጎልማሶች አስም ከመቶ 15 ያህሉ ከሥራ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይገመታል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው፤ እንደ ክሎሪን ያለ ብርቱ ጋዝ ወዲያው ሲያንቅ፣ የእህልና የዱቄት ብናኝ ግን ለወራት ወይም ለዓመታት ተለምዶ ከቆየ በኋላ ጠላት ይሆናል፤ ማፈኑም አንዳንድ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በመኝታ ላይ ስለሚመጣ፣ ገበሬው ብርዱን ይወቅሳል እንጂ ዐውድማውን አይጠረጥርም።

ሐኪሞች የሚፈልጉት ምልክት በሥራ ቀን መባስ፣ በዕረፍት ቀን መሻል ነው፤ እንግዲህ ሰንበትን፣ ሚካኤልንና ማርያምን አክብሮ ከዐውድማ የሚቀር ሰው፣ ከፋብሪካ ሠራተኛ የተሻለ የመመርመሪያ ቀን መቁጠሪያ አለው ብል ግነት አይመስለኝም። ዓመታት ያስቆጠረ አስም ግን በአንድ በዓል አይላላም፤ ሳምንታት ይፈልጋልና፣ ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት ወራት ይበልጥ የታመኑ ምስክሮች ናቸው። እስከዚያው አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ገለባውን ይመልሳል፤ ዓይን የማያየውን ደቃቅ ብናኝ ግን አያስቀርም።