በቆዳዋ የምትጠጣው እንቁራሪት

የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት በብዙ አገሮች እንደ ቤት እንስሳ ትያዛለች። ውሃ የምትወስደው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ የሰውነቷን ሶዲየምና ፖታሲየም የምትቆጣጠረውም በዚሁ ቆዳ ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ካይትሪድ ፈንገስ ቆዳዋን ሲያጠቃ ምን ይከሰታል? እነዚህ ንጥረ ነገሮች በደሟ ውስጥ ይቀንሳሉ፤ በመጨረሻም ልቧ መምታቱን ያቆማል።

ስለሆነም አዲስ እንቁራሪት ከመምጣቷ በፊት የተለየ የመስታወት ሣጥንና ከክሎሪን የጸዳ ውሃ ሊዘጋጅላት ይገባል። ጤናማ መስላ ፈንገሱን ልትሸከም ስለምትችል፣ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል 2 ወር ያህል ለብቻዋ ትቆይ፤ በእንስሳት ሐኪምም ትመርመር። የሣጥኗ ውሃ በፀረ ተባይ ሳይታከም ወደ ወንዝ ወይም ኩሬ መደፋት የለበትም፤ የፈንገሱ ስፖሮች በውሃ ውስጥ እየዋኙ ይዛመታሉና። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በዚህ በሽታ ሳቢያ 90 ያህል የእንቁራሪትና መሰል እንስሳት ዝርያዎች ጠፍተዋል።