በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አንቀላቅል

አገር ቤት በረኪና የምንለውን እዚህ አቡ ዳቢና አል ዐይን «ክሎሮክስ» እያልን በየቀኑ እንሠራበታለን። ሽታው ሲበረታ ቤቱ ይበልጥ የጸዳ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በረኪና አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ቦታ ለጦር መሣሪያነት የዋለ ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎንበስ ብለን ወለል ስንፈትግ በቀጥታ ያገኘናል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት መስኮት ተዘግቶ ኤሲ ሲሠራ ደግሞ መውጫ ያጣል።

ስለዚህ ሥራ ሳንጀምር ሦስት ነገር እንይ፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አየሩ በየት ይወጣል? እዚያ ውስጥ ምን ያህል እንቆያለን? በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻልን የሚያነብልን እንጠይቅ። በረኪናውን በቀዝቃዛ ውኃ እናቅጥን፤ ጓንት እናጥልቅ።

ማዳም «ቀላቅዪው» ካሉን በትሕትና «ማዳም፣ ሃዳ ኸጠር» እንበል። አደገኛ ነው ማለት ነው፤ ለእርሳቸውም ለልጆቻቸውም ይተርፋል።

ዓይናችን ካነባ፣ ጉሮሯችን ከተቃጠለ ወይም ካሳለን ሁሉን ትተን ንጹሕ አየር ወዳለበት እንውጣ። ትንፋሽ ካጠረን አምቡላንስ በ998 እንጥራ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል «ተሻለኝ» ብለን አንዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገሩ የቤት ሠራተኞች ሕግ ሕክምናችንን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ታመምኩ ማለት ነውር አይደለም።