«መንግሥት አየር ይሸጣል» ለሚሉን

አንድ የሆቴል ባለቤት ምድር ቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ አልይዝ ቢላቸው፣ ከውጭ የመጣ ቡስተር ገዝተው ጣሪያቸው ላይ አንቴና ተከሉ። እርሳቸው ዘንድ ስልኩ ሠራ። የሰፈሩ ሰው ግን ጥሪ ይቆረጥበት፣ ኢንተርኔት ይንቀራፈፍበት ጀመር። ምንጩን ፈልገን ስንደርስባቸው «በገዛ ጣሪያዬ፣ በገዛ ገንዘቤ! አየር ደግሞ የማንም አይደለም» አሉን። ይህ ንግግር እስካሁን ይከነክነኛል፤ ከነጋዴውም ከተማረውም ከኃላፊውም ዘወትር የምሰማው ነውና። «መንግሥት አየር ይሸጣል» ይሉናል።

የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ የሚሰጠው ባለፈቃዱ ሳይረበሽ እንዲያዳምጥ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ማሰራጨትን ነው፤ ጭንቁ ያለው ግን መቀበል ላይ ነው። የአራተኛው ትውልድ ስልክ ቢበዛ በ0.2 ዋት ገደማ ያሰራጫል፤ ያም ርቀትና ግድግዳ አዳክሞት ታወሩ ዘንድ ሲደርስ ከዋት ቢሊዮንኛ እጅግ ያንሳል። እንግዲህ ሁለቱ አንቴናዎቹ የተቀራረቡበት ቡስተር፣ ድምፅ ማጉያ አጠገብ እንደቀረበ ማይክ የራሱን ድምፅ እየመለሰ ሲጮህ፣ ታወሩ የማንን ስልክ ይስማ?

«ታዲያ ዋይፋይ ያለ ፈቃድ ይሠራ የለ?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ይሠራል፤ ኃይሉ በሕግ ተወስኖ፣ ከረብሻ የሚጠብቀው ዋስትና ሳይኖረው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ማታ ማታ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ገጠር ድረስ ኔትወርክ የሚዘረጋ ድርጅት ግን ያለ ዋስትና ታወር አይተክልም።

ይህ ስለማይታወቅ ወሬው ሁሉ ዋጋ ላይ ይቀራል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባካሄደችው ጨረታ ለሦስተኛው ትውልድ 5 ፈቃዶች 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተከፈለ። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. አዲስ ለገባው የቴሌኮም ኩባንያ የተሰጠው ፈቃድ የሚነሳው በ850 ሚሊዮን ዶላሩ ነው። ኩባንያው የት የት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ሊደርስ እንደተገደደ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም አላገኝም። ገንዘቡ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ ግዴታው ግን ፈቃዱ እስካለ ድረስ ይጠየቅበታል።

ስለዚህ ቡስተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ የኔትወርክ አቅራቢያችሁን ጠይቁ። ስለ ፈቃድ የምትጽፉና የምትወስኑም ከዋጋው በፊት ግዴታውን አንብቡ።