ለዕረፍት ቀን የሚደመጡ የትዝታ ድምፆች

በኳታር በሙዓይዘር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዓርብ ዕረፍት የአገር ቤት ዜማ ለማድመጥ ምቹ ጊዜ ነው። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ናፍቆትን ስለሚገልጽ የውጭ አድማጮች የኢትዮጵያ ብሉዝ ይሉታል።

በውጭው ዓለም በይበልጥ የታወቁት ግን በባንድ የታጀቡት ሥራዎች ናቸው። ዜማውን በክራር ብቻ ያንቆረቆሩት ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ያን ያህል አይደመጡም። በመድረክ ተዋናይነታቸውም የሚታወቁት የአርቲስት አስናቀች ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ለአድማጭ ቀርበዋል።

ለጀማሪ አድማጭ አንዱን ትዝታ ከሁለት ድምፃውያን አፍ መስማት ይበጃል። ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሳለ ግጥሙና የክራሩ አመታት የየራሳቸው መሆኑ ያኔ ይለያል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚታወቀው፣ ከአፍሪካ በመጡ ሰዎች የገባው ጠንቡራም የክራር ዘመድ ነው። በባዕድ አገር የሚያድጉ ልጆች ይህን ዝምድና የሚያውቁት ግን አስቀድመው ክራሩን ከሰሙ ነው። ካልሰሙት ትዝታ ለእነርሱ የወላጆቻቸው ናፍቆት ብቻ ሆኖ ይቀራል።