ፋይዳና የመዳረሻ ቁጥጥር

በተለያዩ ተቋማት እጅ ያሉና በተለያዩ ባለሙያዎች የተሠሩ ሶፍትዌሮች በኔትወርክ ተገናኝተው ሲሠሩ፣ የትኛው ሥርዓት የትኛውን መረጃ፣ በማን ፈቃድና እስከ ምን ድረስ ማግኘት እንደሚችል የሚወሰንበት አሠራር የመዳረሻ ቁጥጥር ይባላል። ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ጎልቶ የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ባገኘው የዲጂታል መታወቂያ፣ በፋይዳ ነው። ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ባንኮች ደግሞ ከእርሱ አስቀድሞ የተገነቡ የየራሳቸው ሥርዓቶች አሏቸው።

በጋሞ ዞን ገረሴ ውስጥ የሚኖር ሰው የባንክ ሒሳብ ሲከፍት፣ ባንኩ የሚፈልገው ሰውየው በእርግጥ ራሱ መሆኑንና ጥቂት መረጃዎቹን እንጂ የጣት አሻራውን መዝገብ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ጠያቂው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ፣ ሌላው ደግሞ የተረጋገጠው ጠያቂ ምን እንዲያገኝ እንደተፈቀደለት መወሰን ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሥርዓት የታወቀውን ሁሉ እንደተፈቀደለት ይቆጥራል።

ፋይዳ ለዚህ የሚጠቀምበት ኢሲግኔት የተባለው ክፍል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ በሆነው ኦፕን አይዲ ኮኔክት በተሰኘ ዓለም አቀፍ ደንብ ላይ ነው። የባንኩ መተግበሪያ ደንበኛውን ወደ ኢሲግኔት ገጽ ይልከዋል፤ ደንበኛው በስልኩ የደረሰውን የአንድ ጊዜ ኮድ አስገብቶ፣ የተጠየቁትን መረጃዎች አይቶ ሲፈቅድ፣ ገጹ አስቀድሞ ወደ ተመዘገበው የባንኩ አድራሻ ብቻ ጊዜያዊ ኮድ ይመልሳል። ይህ ኮድ በደንበኛው ማሰሻ በኩል ስለሚያልፍ ብቻውን ዋጋ እንዳይኖረው ተደርጓል፤ ባንኩ ለሌላ ለማንም በማያካፍለው የግል ቁልፍ ፈርሞ ጥያቄ ካላቀረበ በቀር ቶክን፣ ማለትም በጊዜና በዓላማ የተገደበ የፈቃድ ማስረጃ፣ አያገኝም። የጋራ የይለፍ ቃል በሁለቱ ተቋማት መካከል አለመኖሩ የዚህ አሠራር ትልቁ ብልሃት ነው፤ ቁልፉ ቢሰረቅ እንኳ የሚታገደው የአንዱ ተቋም መዳረሻ ብቻ ነውና።

መረጃው አንዴ ባንኩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን ፋይዳ ሊጠብቀው አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኃላፊነት የባንኩ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህንን ይመለከታል። የተጠቃሚውም ድርሻ አለ፤ በስልኩ የደረሰውን ኮድ፣ ለሚረዳው የባንክ ሠራተኛ እንኳ ቢሆን፣ አሳልፎ መስጠት የለበትም።